ጎመን በጤና፤ በጎረቤታሞች መካከል የጋራ የጓሮ አትክልት ስለ መጀመር

«ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ በጭንቀት ከሚበላ ሥጋ ይልቅ በሰላም የሚበላ ጎመን ይሻላል ለማለት ነው፤ በዚህም አነጋገር ጎመን የድኻ ማዕድ ምሳሌ ሆኖ መቅረቡ ግልጽ ነው። የዛሬው የጤና ትምህርት ግን ይህንኑ ቃል በሌላ በኩል እንድናነበው ያስገድደናል፤ ጎመኑ ከማዕዱ ሲጠፋ ጤናውም አብሮ ይጎድላልና።

ዲክሲስ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ በአርሲ ደጋ ላይ የምትገኝ የእህል አገር ናት። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ አተሩና ተልባው የታወቀ ነው፤ አርሲ ከባሌ ጋር የኢትዮጵያ የስንዴ ጎተራ መባሉም በከንቱ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ ስለ ምግብ ጉድለት መናገር ለጆሮ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ጠግቦ ማደርና በሚገባ ተመግቦ ማደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁርሱ ዳቦ፣ ምሳው እንጀራ በሽሮ፣ እራቱም ገንፎ ወይም ቅንጬ የሆነ ልጅ ሆዱ ሞልቷል፤ እህሉ ኀይል ሰጥቶታል፤ ባቄላውና አተሩም ሰውነት ገንቢውን ክፍል አስገኝተውለታል። ነገር ግን ዐይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቪታሚን ኤ፣ ቁስልን የሚያሽረውና ድድን የሚያጠነክረው ቪታሚን ሲ፣ በማኅፀን ላለው ፅንስ እጅግ አስፈላጊ የሆነው ፎሌት፣ እነዚህ ሁሉ በስንዴ ከረጢት ውስጥ በበቂ አይገኙም። የሚገኙት ከአረንጓዴ ቅጠል፣ ከካሮት፣ ከፍራፍሬና እነዚህን ከመሰለው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ በዚህም ቁጥር ውስጥ ድንች አይገባም፤ ድንች ኀይል ሰጪ ስለሆነ ከእህል ጋር ይቆጠራልና። አንባቢ ዛሬ ማታ ከማዕዱ ፊት ሲቀመጥ ከዚህ ልክ ምን ያህሉ እንደ ቀረበለት ራሱን ይጠይቅ። የጉድለቱም ውጤት በአገር ደረጃ ተመዝግቧል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙት በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 ወርደዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 37 ሆነው ተገኝተዋል። መጀመሪያ ፈጥኖ ይወርድ የነበረው ቁጥር ኋላ ከዝግታ ላይ እንደ ደረሰ ልብ ይሏል። የቁመት ማጠር ደግሞ የመልክ ጉዳይ አይደለም። በእርግዝና ጊዜና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የደረሰ የምግብ ጉድለት የልጁን የአእምሮ ዕድገት ጭምር ይጎዳል፤ መምህሩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያገኘዋል።

እርግጥ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ መታሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በኅብረት በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል የሕዝቡን አመጋገብ መርምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያን ምግቦች ይዘት የሚያሳየው ሠንጠረዥ ታትሟል፤ «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ምግብም የዚያው ሥራ ፍሬ ነው። በአርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የተባለው፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለገበሬው አስተዋውቋል፤ የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያም እስከ ዛሬ በስንዴ ምርምሩ ስሙ የተጠራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የመጸዳጃ ቤትን፣ የቆሻሻ አወጋገድንና የአመጋገብን ትምህርት እስከ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ አድርሷል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተትና እንቁላል፣ ማርና ዶሮ በየቤቱ እንዲገኝ የሚያበረታታ ነው።

እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ከላይ ወደ ታች የሚመጡ ናቸው፤ ከላይ የመጣ ነገር ደግሞ ከታች ተቀብሎ የሚያቆየው እጅ ካላገኘ እንደ በልግ ዝናብ አርሶ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም በከተማችን ያሉ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ሦስት አራት ቤት እየሆኑ በአንድ ጓሮ ውስጥ የጋራ የአትክልት ቦታ ቢጀምሩ፣ ሲጀምሩም በጣም ትንሽ አድርገው ውላቸውን በጽሑፍ ቢያደርጉ፣ ለቤተሰቦቻቸው ጤና በአቅማቸው ሊያደርጉ ከሚችሉት ነገር ሁሉ ይህ ከቀላሎቹና ከሚዘልቁት አንዱ ነው የሚል ነው።

«ስለ ምን የጋራ? እያንዳንዱ በየጓሮው ቢተክል አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለገበሬው እውነት ነው፤ ለከተማ ነዋሪው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ቦታ አለው፤ ጉልበት የለውም። ሁለተኛው ጉልበት አለው፤ በኪራይ ቤት ስለሚኖር ቦታ የለውም። ሦስተኛው የቧንቧ ውሃ አለው፤ አራተኛው ላም ስላለችው ፍግ ሞልቶታል፤ የሚበትንበትን ግን አጥቷል። እነዚህ አራት ሰዎች ተለያይተው ሲኖሩ ከአራቱ አንዱም አትክልት አይኖረውም፤ ሲገናኙ ግን አንድ ሙሉ የአትክልት ቦታ ይወጣቸዋል። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ማለት እንዲህ ያለው ነው።

በኪራይ ቤት የሚኖር መምህር ደግሞ «ዛሬ ብተክል ነገ ዝውውር ይመጣብኛል፤ ለማን ብዬ እለፋለሁ?» ይላል። ይህ ስለ ዛፍ ቢነገር ያስኬዳል። ቆስጣ ግን ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ቅጠሉ ለድስት ይደርሳል፤ ካሮት ከሦስት እስከ አራት ወር ይበቃዋል። ከአንድ የትምህርት ወሰን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለሚደርስ ነገር ዝውውርን መፍራት አይገባም። ቢዛወርም እንኳ በአዲሱ ቦታ ሌሎችን የሚያስጀምር ዕውቀት ይዞ ይሄዳል፤ የተወውም መደብ ለሚተካው መምህር መቀበያ ይሆናል።

ሌላው መሰናክል ንቀት ነው። ጎመንን የችግር ቀን ምግብ አድርጎ የማየት ልማድ በከተማችን አልጠፋም። ነገር ግን ይህ የምንንቀው ጎመን በዓለም የዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ «የኢትዮጵያ ጎመን» ተብሎ በአገራችን ስም የሚጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን የብዙ አዝርዕት መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። በሌላ በኩል ዛሬ ያለ እርሱ ደጋውን ማሰብ የሚያስቸግረው ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ አማካይነት ነው። ስለዚህ የራስን ማክበርም፣ አዲሱን መልመድም የሚቻል መሆኑን የገዛ ማዕዳችን ይመሰክራል።

እንግዲህ ስለ አጀማመሩ እንነጋገር። በቅድሚያ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ የወደቀበትን መናገር ይገባዋል። ከዓመታት በፊት አምስት ቤተሰቦች ሆነን በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ የጋራ አትክልት ጀምረን ነበር። በሰኔ መጀመሪያ በታላቅ ደስታ ወጥተን ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቆፈርነው፤ ያገኘነውን ዘር ሁሉ በተንንበት፤ ከበረቱ የወጣውን ትኩስ አዛባ ሳይብላላ ከመረንበት። በሐምሌ አረሙ ከአትክልቱ በለጠ፤ ለማረም የሚወጣው ሰው ከአምስት ወደ ሁለት ወረደ። ከአዛባው ጋር የመጣው የሣር ዘርና ትል በረከተ። በነሐሴ የቀረው ጎመን ለመቀንጠስ ሲደርስ ደግሞ ማን ምን ያህል ይውሰድ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ያረመው ያላረመውን ገላመጠ፤ ሌሊት የቀነጠሰ ማን እንደ ሆነ መጠያየቅ መጣ። በመስከረም የግቢው በር ተቆለፈ፤ የእንቁጣጣሽ አበባ የያዙት ልጆችም ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚያመነቱ ሆኑ። ያ አትክልት የጠፋው በዝናብ እጥረት ወይም በአፈሩ ክፋት አልነበረም፤ በመጠን አለማወቅና ያለ ውል በመጀመር ነበር።

ከዚህ ውድቀት የተገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ማሳነስ ነው። ጀማሪዎች ከሁለት መደብ በላይ አይቁረጡ። የአንዱ መደብ ስፋት 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ይሁን። ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥበት ምክንያት ሰው ከሁለቱም ጎን ሆኖ እጁን ዘርግቶ መካከሉን እንዲደርስበትና አፈሩን በእግሩ እንዳይደፈጥጠው ነው። የአርሲ ክረምት ውሃው ብዙ ስለሆነ መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ በዙሪያውም ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይውጣለት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ሁለቱን መደብ አንድ ወቅት በሚገባ የያዘ ሰው በሚቀጥለው አራት ቢያደርገው አይቸገርም።

ሁለተኛው ትምህርት ውል ነው። በጋራ መሥራትን ከባዕድ መማር አያስፈልገንም። ጉልበት ለመለዋወጥ ወንፈልና ደቦ አለን፤ ገንዘብ በጋራ ለማጠራቀም ዕቁብ አለን፤ ለሐዘን ጊዜ ዕድር አለን። እነዚህ የሚጸኑት ሰዎቹ ከሌላው የተሻሉ ስለሆኑ ሳይሆን ዳኛ፣ ጸሐፊና መቀጫ ስላላቸው ነው። የጋራው ጓሮም እንደ ዕቁብ ይመራ። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት የትኛውን ቀን እንደሚሠራ፣ ውሃውንና ዘሩን ማን እንደሚያቀርብ፣ ቀኑን ያስታጎለ ምን እንደሚከፍል፣ ምርቱም እንዴት እንደሚከፈል። መቀጫው ለዘር መግዣ ይዋል።

ስለ ምርቱ አከፋፈል ያለን አስተያየት ለአንዳንዱ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አንድ የጎመን መደብ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሁለት መስመር ቢተከል 24 ያህል ግንድ ይይዛል። በሳምንት ከአንዱ ግንድ ሁለት ሁለት ቅጠል ቢቀነጠስ 48 ቅጠል ነው። ይህን ለአራት ቤት ብንከፍለው ለእያንዳንዱ 12 ቅጠል ይደርሰዋል፤ ለቤተሰብም የማይበቃ፣ ለቅሬታ ግን የሚበቃ ነው። ስለዚህ እንደ ዕቁብ በዕጣ ተራ ይያዝ፤ የሳምንቱ ምርት በሙሉ ለአንድ ቤት ይግባ፤ ያ ቤት አንድ ጥሩ ድስት ጎመን ይሥራ። በአንድ የቅጠል መደብ ተራው በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ መደቡ አራት ሲሆን ግን በየሳምንቱ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት ለትምህርት፣ ሁለተኛው ለማዕድ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ አንድ ነገር ሊኖር ይገባል፤ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ዕቁብተኛ የቸገረው ሰው ሲመጣ ያለ ተራው ያወጣለታል። እንዲሁም ከአራቱ ቤት በአንዱ እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ወይም ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ቢኖር፣ ያ ቤት ተራ ሳይጠብቅ በየጊዜው አንድ እፍኝ ቅጠልና አንድ ካሮት ይውሰድ። ሌላው ሰው የዛሬውን ጎመን በሚመጣው ወር ቢበላው ብዙ አይጎዳም፤ ለሕፃኑ ግን ያለፈው ጊዜ አይመለስም። ይህ አንቀጽ በወረቀቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ላይ ይጻፍ።

የሚተከለውን ስለ መምረጥ፣ ጀማሪ ሰው ደጋው ከሚወደው ይጀምር። ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭ አይችሉም፤ እነርሱ ከስምጥ ሸለቆው፣ ከመቂና ከባቱ ወደ ገበያ ይምጡ። በእኛ አየር የሚያምርባቸው የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። አንዱ መደብ ለጎመንና ለቆስጣ፣ ሌላው ለካሮትና ለቀይ ሥር ይሁን፤ ነጭ ሽንኩርት በዳር በዳር ይተከል። የካሮት ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ በመስመር ይዘራል፤ አይዛወርም፤ ሲበቅል በመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ይሳሳል። ማሳሳት ለጀማሪ ያሳዝናል፤ ያልሳሳ ካሮት ግን ቅጠል እንጂ ሥር አይሆንም። የቀይ ሥርና የቆስጣ ዘር አንዱ ፍሬ ብዙ ቡቃያ ስለሚያወጣ «ምን ዓይነት ዘር ነው የሸጡልኝ?» ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ነው። ነጭ ሽንኩርት ከራሱ ተፈልቅቆ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል።

ጊዜውም ሊታወቅ ይገባል። በበልግ ዝናብ የተዘጋጀ መደብ ለክረምቱ ዝግጁ ነው። ከጥቅምት በኋላ ግን ዝናቡ ሲቆም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ያን ጊዜ ችግኙን ማታ ማታ በሣር መሸፈንና ውሃውን ጧት ማጠጣት ይበጃል። ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ውሃ ብንገምት ለአንዱ መደብ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ይበቃዋል። ጎመንና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ለዚህ ይውላል። የሕፃን ዓይነ ምድር የነካው ልብስ የታጠበበት ውሃ ግን ወደ አትክልቱ ፈጽሞ አይቅረብ።

ይህ የንጽሕና ጽሑፍ እንደ መሆኑ ከዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በንጽሕና ያልተያዘ አትክልት ጤናን ሊሰጥ ቀርቶ በሽታን ያመጣል። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የሰው ዓይነ ምድር በምንም መንገድ ለማዳበሪያነት አይዋል፤ ልጆችም ከአትክልቱ አጠገብ እንዳይጸዳዱ ይጠበቁ። መጸዳጃ ቤቱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ አትክልቱም ከመጸዳጃው በታች በተዳፋቱ ላይ አይሁን። የከብት ፍግ ትኩሱ አይበተን፤ ከደረቅ ቅጠል፣ ከአረም፣ ከወጥ ቤት ጥራጊ፣ ከጥቂት ዐመድና አፈር ጋር በየደረጃው ተከምሮና እየተገላበጠ ለአራት ወር ያህል ይብላላ። እንዲህ የተዘጋጀው ብስባሽ ሁለት ጥቅም አለው፤ መሬቱን ያለመልማል፤ በየጥጉ ዝንብ ይጠራ የነበረውንም የቤት ጥራጊ ያስወግዳል። አንድ ግቢ ብስባሽ ማዘጋጀት ሲጀምር ዝንብ ሲቀንስ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል።

በባዶ እግር አትክልት ቦታ አይገባም። መንጠቆ ትል በእግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ቀይ አፈርም ለብዙ ዘመን በባዶ እግሩ የሚረግጠውን ሰው ለእግር እብጠት በሽታ የሚዳርገው መሆኑ ታውቋል። ጫማ ማድረግ፣ ከሥራ በኋላም እግርንና እጅን በሳሙና መታጠብ መድኀኒቱ ነው።

በስንዴ አገር ያለን እኛ በተለይ የምንጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። ለስንዴ አረም የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለው መድኀኒት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፅዋት የሚገድል ነው፤ ጎመንና ቀይ ሥር ደግሞ ሰፋፊ ቅጠል ናቸው። በዚያ መርጫ የተረፈ ጥቂት ጠብታ እንኳ አትክልቱን ያደርቃል። የእርሻ መርጫ ከገበሬ ዘመድ ተበድሮ በጓሮ ላይ መርጨት ስሕተት ነው፤ የመድኀኒቱንም ዕቃ አጥቦ ውሃ መቅጃ ማድረግ ሕይወትን የሚያጠፋ ድፍረት ነው። በጎመን ላይ ክሽክሽ ቢታይ ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጭበት፤ ትሉም በእጅ ይለቀም። አምስት ሜትር ለሆነ መደብ ከዚህ የበለጠ ጦር አያሻም።

ከጓሮ ወደ ድስት ያለው መንገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅጠሉ ሳይከተፍ በፊት አንድ በአንድ በንጹሕ በሚወርድ ውሃ ይታጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጥቅሙን ከውሃው ጋር መድፋት ነው። በእሳት ላይ ብዙ አይቆይ፤ የተቀቀለበትም ውሃ አይደፋ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት በሰውነት ውስጥ በሚገባ አይዋሐድም። በሚበላበት ጊዜ ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ በቅጠሉና በእህሉ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ለደም እንዲውል ይረዳል። ሻይና ቡና ይህንኑ ስለሚያግዱ ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው። ለጿሚውም ሆነ ለማይጾመው፣ ለክርስቲያኑም ሆነ ለእስላሙ ይህ ማዕድ አንድ ነው፤ ጎረቤታሞችን ሃይማኖታቸው ሳይለይ ያለ ሐሳብ በአንድነት የሚያስቆርስ ምግብ ቢኖር ጎመንና ቀይ ሥር ነው።

በመጨረሻ ለመምህራን አንድ ቃል እንጨምራለን። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ መኮትኮትና አረም መንቀል ያረፈደ ወይም የረበሸ ተማሪ የሚቀጣበት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ያደረግን ሁላችን ሳናስበው አንድ ነገር አስተምረናል፤ መሬትን መንካት ውርደት ነው ብለናል። ልጁም ይህን ትምህርት ከሒሳቡና ከጂኦግራፊው ይልቅ አጥብቆ ይዞታል፤ ደመወዝተኛ ሲሆን ከጓሮው ዶማን የሚያርቀው ይህ ነው። እንግዲህ ነገሩ ይገልበጥ። አትክልት መኮትኮት ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ዕድል ይሁን፤ መምህሩም ራሱ ጫማውን አጥልቆ ከተማሪዎቹ ፊት ይቆፍር። የመደቡን ስፋት በሒሳብ፣ የዘሩን አበቃቀል በሳይንስ፣ የወስፋቱን ነገር በጤና ትምህርት ያስረዳበት። ተማሪ መምህሩ ሲያደርግ ያየውን ያህል ከሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አያምንም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ሥራውን ከባድ ለማስመሰል አይደለም። የሚያስፈልገው አራት ቤት፣ አንድ ዶማ፣ አንድ ጀሪካን፣ ጥቂት ዘርና የአራቱ ቤት ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት ነው። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ለቡና በተሰበሰበ ጊዜ ጉዳዩ ይነሣ፤ ዳኛውና ጸሐፊው ይመረጡ፤ የመጀመሪያዋ መደብም በዚያው ሳምንት ትቆረጥ። በቤቱ እርጉዝ ወይም ሕፃን ያለበት ጎረቤት ማን እንደ ሆነም በዚያ ቀን ይጠየቅ፤ የመጀመሪያው እፍኝ የእርሱ ነውና።